ጦርነትን በጨዋታ ስለ ማሳየት፤ የጠረጴዛው ዐድዋና የአገው ምድር ፈረሰኞች

ያለፈውን ጦርነት በጨዋታ መልክ መልሶ ማሳየት በብዙ ሕዝቦች ዘንድ የተለመደ ነገር ነው፤ መልኩ ግን እንደየአገሩ ይለያያል። በእንግሊዝ፣ በአሜሪካና በሌሎችም አገሮች ብዙ ሰዎች በዕረፍት ጊዜያቸው የሚጫወቱት አንድ ዐይነት ጨዋታ አለ፤ ይኸውም ቁመታቸው ከሦስት ሳንቲሜትር ብዙ የማይበልጥ የወታደር ምስሎችን በጠረጴዛ ላይ አሰልፎ፣ በታሪክ የታወቀ አንድ ውጊያ እንደ ገና መዋጋት ነው። ከሚመረጡት ውጊያዎች መካከል አውሮጳውያን አፍሪካንና እስያን ለመያዝ ያደረጓቸው ጦርነቶች ሰፊ ስፍራ አላቸው፤ ዐድዋም ከእነዚህ አንዱ ነው። በሌላ በኩል በጎጃም፣ በአገው ምድር፣ ዛሬ የአዊ ብሔረሰብ አስተዳደር በሚባለው አገር፣ ይኸው የዐድዋ ድል በየዓመቱ ጥር 23 ቀን በእንጅባራ ከተማ በፈረስ ጨዋታ ይታሰባል። አንደኛው በጣት በሚነሣ ምስል፣ ሁለተኛው በሕያው ፈረስ የሚደረግ ነው። ሁለቱን ጎን ለጎን ያስተያየ ሰው ግን ልዩነታቸው የመጠን ብቻ እንዳልሆነ ይረዳል። እያንዳንዱ ከውጊያው የሚይዘውና የሚተወው አለ፤ አንዱ የያዘውንም አብዛኛውን ጊዜ ሌላው ትቶታል።

የጠረጴዛው ጨዋታ ሥሩ ሰንጠረዥ ነው። እ.ኤ.አ. በ1780 በጀርመን አገር በብራውንሽቫይክ ሄልቪግ የተባለ የሒሳብ ሊቅ የሰንጠረዡን ገበታ አስፍቶ፣ ለየቤቱ የተራራ፣ የውሃና የረግረግ ምልክት ሰጥቶ የጦር ጨዋታ አወጣ። (የአውሮጳ ታሪክ ዓመታት እዚህ የተጻፉት በእነርሱ አቈጣጠር፣ የኢትዮጵያው ደግሞ በኢትዮጵያ አቈጣጠር ነው።) ከዚያ በኋላ ራይስቪትዝ የተባሉ የፕሩስያ አባትና ልጅ ነገሩን ከሰንጠረዥ ቤቶች አላቀቁት። ልጁ በ1824 ያወጣው ደንብ 1 ለ8,000 በሆነ የመጠን ልክ በተሠራ ካርታ ላይ የሚካሄድ፣ ዳኛ ያለበት፣ የተኩሱም ውጤት በዕጣ ጠጠር የሚወሰን ነበር፤ የፕሩስያ ጦር ሠራዊትም መኰንኖቹን አሠለጠነበት። ከጦር ሰፈር ወደ ተራው ሰው ቤት የገባው ቀስ በቀስ ነው። ደራሲው ሮበርት ሉዊስ ስቲቨንሰን በ1880ዎቹ መጀመሪያ በስዊስ አገር በዳቮስ ከእንጀራ ልጁ ጋራ በወለል ላይ የጦር ጨዋታ ይጫወት ነበር። ኤች. ጂ. ዌልስም በ1913 «ትንንሽ ጦርነቶች» የሚል ስም ሰጥቶ የጨዋታውን ደንብ በመጽሐፍ አወጣ። ዌልስ የአሻንጉሊቱ ጦርነት ከእውነተኛው እጅግ ይሻላል ብሎ የሚከራከር ሰው ነበር፤ በዓመቱ የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ተነሣ። ጨዋታው ዛሬ ባለው መልክ የተስፋፋው ከ1960ዎቹ ወዲህ ሲሆን፣ ለቅኝ ግዛት ውጊያዎች ተብሎ በ1979 አሜሪካዊው ላሪ ብሮም ያወጣው ደንብ እስከ ዛሬ ይሠራበታል።

ሰንጠረዥ ከተነሣ ዘንድ ስለ ኢትዮጵያው ሰንጠረዥ አንድ ነገር ማስታወስ ይገባል። በዐፄ ልብነ ድንግል ዘመን ጨዋታው በቤተ መንግሥት እንደ ነበረ በዚያ ጊዜ የነበሩ የውጭ ሰዎች መስክረዋል፤ ኋላም ፕሮፌሰር ሪቻርድ ፓንክረስት ታሪኩንና ደንቡን በሰፊው ጽፈውበታል። ንጉሥ፣ ፈርዝ፣ ፊል፣ ፈረስ፣ ደርና መደቅ የሚባሉት ጠጠሮች ከሌላው ዓለም ሰንጠረዥ ጋራ ይመሳሰላሉ። አጀማመሩ ግን የተለየ ነው። ሁለቱ ተጫዋቾች ተራ ሳይጠባበቁ፣ በአንድ ጊዜ፣ እያንዳንዱ እንደ ፈቀደው ጠጠሮቹን ያንቀሳቅሳል፤ የመጀመሪያው ጠጠር እስኪበላ ድረስ እንዲህ ይቀጥላል፤ ተራ በተራ መጫወት የሚጀመረው ከዚያ በኋላ ነው። ይህ የመክፈቻ ክፍል ወረራ ይባላል። እዚህ ላይ አንድ የሚያስገርም ነገር አለ። በእውነተኛ ውጊያ ሁለቱ ወገኖች የሚንቀሳቀሱት በአንድ ጊዜ መሆኑ ለጦር ጨዋታ አውጪዎች ሁሉ ያስቸገረ ጥያቄ ነበር፤ የፕሩስያው ደንብ ዳኛ ያስገባበት አንዱ ምክንያት የሁለቱ ወገን ትእዛዝ በአንድነት እንዲፈጸም ነው። የኢትዮጵያው ሰንጠረዥ ያንኑ ጥያቄ ያለ ዳኛ፣ በተጫዋቾቹ የዓይንና የእጅ ፍጥነት መልሶታል። ከዚህም በላይ በደር ወይም በፈረስ ንጉሥን ማጥመድ እንደ ቀላል ነገር ይታይ ነበር፤ የሚመሰገነው በደካማ ጠጠር፣ በተለይም በመደቅ ያጠመደ ነው። ማሸነፍ ብቻ ሳይሆን እንዴት እንደ ተሸነፈም ይቈጠር ነበር ማለት ነው።

አሁን ዐድዋ በጠረጴዛ ላይ እንዴት እንደሚቀርብ እንመልከት። በየካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. በጄኔራል ባራቲዬሪ ሥር የተሰለፈው የኢጣሊያ ጦር 17,700 ሰውና 56 መድፍ ያህል ነበር፤ የዐፄ ምኒልክ ሠራዊት 100,000 ገደማ ይገመታል። በጨዋታው አንድ ምስል የብዙ ወታደር እንደራሴ ነው። አንድ ምስል ለ50 ሰው ይቁም ቢባል ለኢጣሊያ ወገን 354፣ ለኢትዮጵያ ወገን 2,000 ምስል ያስፈልጋል። እያንዳንዱ ምስል በእጅ፣ በቀጭን ብሩሽ፣ ልብሱ፣ ጥይት መያዣው፣ የጋሻው ጌጥ ሳይቀር ይቀባል። ሁለት ሺሕ ባለ ሸማ ወታደር ቀብቶ የሚጨርስ ሰው ከስንት አንድ ቢገኝ ነው። ስለዚህ አብዛኛውን ጊዜ የሚመረጠው ከውጊያው አንድ ክፍል ነው፤ ለምሳሌ በማለዳ በኪዳነ ምሕረት ተራራ አጠገብ በጄኔራል አልበርቶኔ ብርጌድ ላይ የደረሰው። ያ ብርጌድ 4,000 ገደማ ስለ ነበረ በ80 ምስል ይወከላል። ኮረብታው ከእንጨት ወይም ከስፖንጅ ይሠራል፤ ርቀቱ በማስመሪያ ይለካል፤ የተተኮሰው ጥይት መትቶ እንደ ሆነ፣ የተመታውም ክፍል ጸንቶ ቆሞ ወይም ፈርቶ ሸሽቶ እንደ ሆነ ስድስት ገጽ ያላት የዕጣ ጠጠር ተጥላ ይታወቃል።

እንግዲህ ችግሩ ከዚህ ይጀምራል። ጠረጴዛውን ከበው የቆሙት ሰዎች ሜዳውን ሁሉ ከላይ ያዩታል፤ ዐድዋ ላይ ግን ከኢጣሊያኖች ወገን ሜዳውን ያየ ሰው አልነበረም። ባራቲዬሪ ለአዛዦቹ በሰጠው ንድፍ ካርታ ላይ ኪዳነ ምሕረት ተብሎ የተጻፈው ኮረብታና አገሬው በእውነት ኪዳነ ምሕረት ብሎ የሚጠራው የተለያዩ ነበሩ። አልበርቶኔ በሌሊት ተጕዞ እውነተኛውን ስም ይዞ ወደ ፊት ሲያልፍ ከሌሎቹ ብርጌዶች ብዙ ኪሎ ሜትር ተነጠለ። ጄኔራል ዳቦርሚዳ ደግሞ ወደ ማርያም ሸዊቶ ሸለቆ ገብቶ ለብቻው ቀረ። ይህን ስሕተት ጠረጴዛ ላይ ማንም ተጫዋች አይሠራውም፤ ሁለቱም ኮረብቶች ከፊቱ ናቸውና። ጨዋታውን የሚያዘጋጀው ሰው ወይ ስሕተቱ ከተፈጸመ በኋላ ይጀምራል፣ ወይ በዳኛ አማካይነት ካርታውን ይደብቃል። በሁለቱም መንገድ የዐድዋ ዋና ምስጢር የሆነው የአገር ማወቅ ጕዳይ የደንብ ቍጥር ይሆናል። የባሻ አውዓሎምን ብልሃት በዕጣ ጠጠር ማስላት አይቻልም።

ከጠረጴዛው ውጭ የሚቀረው ደግሞ ስንቅ ነው። ውጊያው በተደረገበት ሳምንት የሁለቱም ወገን እህል ወደ ማለቁ ተቃርቦ ነበር፤ ባራቲዬሪ ወደ ፊት የገፋው፣ ምኒልክም ብዙ ሊቆዩ የማይችሉት ስለዚህ ነው። በጥር ወር መቀሌ ላይ የኢጣሊያ ምሽግ የተለቀቀው የውሃው ምንጭ በእቴጌ ጣይቱ ምክር ከተያዘ በኋላ ነበር፤ በዐድዋውም ቀን ሴቶች ለተዋጊው ውሃ ያመላልሱ ነበር። እንስራ የተሸከመች ሴት ምስል በጠረጴዛ ላይ ብትቆም ለጌጥ ነው እንጂ በደንቡ ሥራ የላትም።

ከዚህ የከበደው ግን ደንቦቹ የተሠሩበት ልማድ ነው። የቅኝ ግዛት ጨዋታዎች የተቀረጹት በአብዛኛው በ1879 በእንግሊዝና በዙሉ መካከል፣ እንዲሁም በሱዳን ከ1884 እስከ 1898 በተደረጉት ጦርነቶች አምሳል ነው። በእነዚህ ደንቦች የአውሮጳው ወገን ጥቂት፣ ሥርዓት ያለውና በሩቅ የሚተኩስ ነው፤ የአገሬው ወገን ብዙ፣ ድንገት የሚወርርና በእጅ ለእጅ ውጊያ የሚበረታ ነው። በአንዳንዱ ጨዋታማ የአገሬው ወገን ተጫዋች እንኳ አይሰጠውም፤ አካሄዱን ካርድ ወይም ዕጣ ይወስንለታል። ለዐድዋ ይህ ልብስ አይሆንም። የምኒልክ ሠራዊት አብዛኛው ጠመንጃ የያዘ፣ ፈጥነው የሚተኩሱ መድፎች የነበሩት፣ ራሱን በራሱ የሚያዝ ጦር ነበር። ኢትዮጵያውያንን በዙሉ ልክ የቀረጸ ደንብ ወይ ሁልጊዜ ያሸንፋቸዋል፣ ወይ ድላቸውን የቍጥር ብዛት ብቻ ያደርገዋል። የተሻሉት አዘጋጆች ይህን ተረድተው ለዐድዋ የተለየ ደንብ ያወጣሉ፤ ለየራሱ ጦርና ለየንጉሡ ጦር የተለየ አዛዥ ይሰጣሉ። እንዲህ ሲሆን ጨዋታው ስለ ውጊያው አንድ እውነት ይናገራል፤ ይኸውም ኢትዮጵያውያን ድል ያደረጉት ከየአገሩ የመጡት መኳንንት በአንድ ቀን፣ በአንድ ስፍራ፣ ሳይለያዩ በመዋጋታቸው መሆኑን ነው።

የጠረጴዛው ጨዋታ አንድ ሌላ ጠባይ አለው፤ ለኢትዮጵያዊ አንባቢ እንግዳ የሚሆነውም ይህ ሳይሆን አይቀርም። አንድ ሰው ኢጣሊያን ሆኖ መጫወት አለበት፤ ያም ሰው ሊያሸንፍ ይችላል። ምኒልክ የተሸነፉበት፣ አልበርቶኔ ያልተማረከበት፣ ዳቦርሚዳና አሪሞንዲ ያልሞቱበት ዐድዋ በአንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሊፈጸም ይችላል። ይህን እንደ ድፍረት የሚቈጥር ይኖራል። ነገር ግን ሊሸነፍ የማይችል ሰው ድል አደረገ አይባልም። ድሉ አስቀድሞ የተጻፈ ሳይሆን የሰው ውሳኔ መሆኑን ለማየት፣ ውሳኔው ሌላ ቢሆን ምን ይመጣ እንደ ነበረ ማሰብ ያስፈልጋል፤ የታሪክ ተማሪ በመጽሐፍ የሚያደርገውን ተጫዋቹ በምስል ያደርገዋል።

ከጠረጴዛው ወደ አገው ምድር ስንሻገር የምናገኘው የዚህ ተቃራኒ ነው። አገው ምድር ከባሕር ዳር ወደ ደብረ ማርቆስ በሚወስደው መንገድ ላይ ከዳንግላ እስከ እንጅባራና ከዚያም በላይ የተዘረጋ፣ በአብዛኛው ደጋና ወይና ደጋ የሆነ አገር ነው። ሕዝቡ ከኵሽ ቋንቋዎች ወገን የሆነውን አውኚን ይናገራል፤ አማርኛም በሰፊው ይነገራል። በቃል ሲወርድ ሲዋረድ በመጣው ታሪክ አገው በሰባት ቤት ይከፈላል፤ እነርሱም አንከሻ፣ አዘና፣ ባንጃ፣ ቻራ፣ ኳኩራ፣ መተከልና ዚገም ናቸው። ከእንጅባራና ከዳንግላ ከተሞች አንሥቶ እስከ ጥርባና ሌሎቹ የገጠር ቀበሌዎች ድረስ ፈረስ የዕለት ኑሮ አካል ነው። ለመቀመጫና ለጭነት ብቻ ሳይሆን ለእርሻም ይጠመዳል፤ ይህም በሬ ብቻ ከሚጠመድበት ከብዙው የኢትዮጵያ ደጋ አገው ምድርን ይለየዋል። በሠርግ ሙሽራው፣ በልቅሶ የሟቹ ዘመድ በፈረስ ይመጣል። እንግዲህ ጥር 23 ቀን በእንጅባራ የሚወጣው ፈረስ ለበዓል ተብሎ ከሌላ ስፍራ የመጣ አይደለም፤ በዋዜማው ገብስ የጫነ፣ በበልጉ ማሳ ያረሰ ፈረስ ነው።

የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር የተመሠረተው በ1932 ዓ.ም. ነው። የተቋቋመበትም ዓላማ በዐድዋ ዘመቻ ፈረሶችና ፈረሰኞች የዋሉትን ውለታ ለማስታወስ መሆኑ ይነገራል። ዓመቱን ልብ ብሎ የተመለከተ ሰው አንድ ነገር ያስተውላል። በ1932 ዓ.ም. ኢጣሊያኖች ገና በአገሩ ነበሩ። በጎጃም እነ ደጃዝማች መንገሻ ጀምበሬና እነ ደጃዝማች ነጋሽ በዛብህ በአርበኝነት ላይ ነበሩ፤ ዳንግላና እንጅባራ ከጠላት ጦር የተላቀቁት በ1933 ዓ.ም. ነው። ዐድዋን ለማስታወስ ማኅበር ማቆም በዚያ ዘመን ያለፈውን ማውሳት ብቻ ሊሆን አይችልም። አባቶች ያሸነፉት ጠላት በደጅ ሳለ፣ የአባቶችን ፈረስ ማሰብ ራሱ አቋም ነበር። ዛሬ በበዓሉ ላይ የዐድዋው ዘመቻና የአምስቱ ዓመት አርበኝነት ተደባልቀው የሚነገሩት ስለዚህ ይመስላል፤ መደባለቁም የማስታወስ ጕድለት አይደለም፤ ከማኅበሩ ልደት ጋራ አብሮ የመጣ ነው።

ቀኑ ለምን የካቲት 23 ሳይሆን ጥር 23 ሆነ የሚል ጥያቄ ይነሣ ይሆናል። ሁለቱም ቀን የቅዱስ ጊዮርጊስ ነው። የዐድዋ ድል የተገኘው በጊዮርጊስ ቀን እንደ ሆነ፣ ታቦቱም ወደ ጦርነቱ እንደ ዘመተ ሁሉ ያውቃል፤ ቅዱስ ጊዮርጊስም በሥዕሉ ፈረሰኛ ነው። የካቲት 23 ብዙ ጊዜ በዐቢይ ጾም ውስጥ ይውላል። ጥር ግን አዝመራው የገባበት፣ ጥምቀት ያለፈበት፣ ሠርግ የሚደገስበት ወር ነው፤ ሜዳው ደርቆ ለግልቢያ ይመቻል፤ ከብቱም የአዝመራውን ቃርሚያ በልቶ ሥጋ ይዟል። ፈረሰኛ የሚመርጠው ወር ይህ ነው።

በዕለቱ ከየወረዳው ፈረሰኞች በየወገናቸው ተሰልፈው ይመጣሉ። የማኅበሩ አባላት ዛሬ በብዙ አሥር ሺሕ ይቈጠራሉ፤ ሁሉም በአንድ ቀን ባይወጡም ሜዳውን ለመሙላት ከበቂ በላይ ናቸው። ፈረሶቹ በቀይ፣ በቢጫና በአረንጓዴ ክርና ጨርቅ ያጌጡ ናቸው፤ ግላሱ፣ ልጓሙ፣ የአንገቱ ጌጥ ለየቤቱ ኵራት ነው። ሽማግሌዎች ጋሻና ጦር ይዘው፣ አንዳንዶቹም የአንበሳ ጎፈር ወይም የእርሱን ምሳሌ ደፍተው ይወጣሉ። ፉከራና ሽለላ ይሰማል። ከዚያ ግልቢያ፣ ስግሪያና ጉግስ ይቀርባሉ። በግልቢያ የሚታየው ፍጥነት ነው። ስግሪያ ግን የፈረሱን አካሄድ ማሳያ ነው፤ ፈረሱ ሳይዘል፣ ተቀማጩን ሳያናውጥ፣ እየፈጠነ ይሄዳል፤ ጠጋ ብሎ ላላየው ሰው ቀላል ይመስላል፤ ፈረሱን ለዚህ ያደረሰው የረጅም ጊዜ ሥልጠና ነው።

ጉግስ ከሁሉም ይልቅ ለጦርነት የቀረበ ነው። ፈረሰኞቹ ለሁለት ተከፍለው ፊት ለፊት ይቆማሉ። ከአንደኛው ወገን ጥቂቶች ወጥተው በሌላው ፊት ሲያልፉ አሳዳጆች ይነሡባቸዋል። አሳዳጁ ሹል ያልሆነ ዘንግ ይወረውራል፤ ተሳዳጁ ወደ ኋላ ዞሮ በጋሻው ይመክታል፣ ወይም ወደ ፈረሱ አንገት ተጐንብሶ ያስመልጠዋል። ወደ ወገኖቹ ሲደርስ ተራው ይለወጥና ያሳደደው ይሳደዳል። በዚህ ጨዋታ ማጥቃትና መከላከል፣ መቅደምና መሸሽ እኩል ክብር አላቸው፤ ዘንጉን በጋሻው የመከተ ተሳዳጅ ከመታው አሳዳጅ ይልቅ የሚጨበጨብለት ጊዜ አለ። ጉግስ በጥንቱ የኢትዮጵያ ጦር የፈረሰኛ ማሠልጠኛ ነበር። ፕሩስያ መኰንኑን በካርታ ላይ ስታስተምር ኢትዮጵያ ፈረሰኛዋን በጥምቀት ሜዳ ታስተምር ነበር ቢባል ስሕተት አይሆንም፤ ልዩነቱ የፕሩስያው ጨዋታ አዛዥን፣ የኢትዮጵያው ተዋጊን ማሠልጠኑ ነው።

የዚህ ሁሉ ዋና ነገር ግን ሜዳው ላይ ኢጣሊያን አለመኖሩ ነው። በዐድዋ መታሰቢያ በሚደረገው ጉግስ ሁለቱም ወገን የአገው ሰው ነው፤ ማንም ባራቲዬሪን ሆኖ አይቆምም፤ የሚሸነፍም ወገን የለም። በአገራችን የሥዕል ልማድ የዐድዋ ጦርነት ሲሣል ኢትዮጵያውያን በሙሉ ፊታቸው፣ ጠላቶች በአንድ ዓይን፣ በጎን ይሣላሉ፤ ቅዱስ ጊዮርጊስ ከላይ ይታያል። ሠዓሊው ጠላትን በግማሽ ፊት ቢሆንም አስገብቶታል። የእንጅባራ ሜዳ ግማሽ ፊት እንኳ አልሰጠውም። የጠረጴዛው ተጫዋች ያለ ጠላት አንዲት እርምጃ መራመድ አይችልም፤ የእንጅባራው ፈረሰኛ ግን ቀኑን ሙሉ ያለ ጠላት ይጋልባል። እዚያ የሚጠየቀው ማን ማንን አሸነፈ የሚለው አይደለም፤ እርሱ በ1888 ዓ.ም. ተፈጽሟል። የሚጠየቀው ያን ያደረጉት ሰዎች የነበራቸው ችሎታ ዛሬም አለ ወይ የሚለው ነው፤ መልሱም በቃል ሳይሆን በኮርቻ ላይ ይሰጣል።

ለእውነት ሲባል የሚጨመር አለ። ዐድዋን በዋናው ያሸነፈው እግረኛው ነው፤ ተራራማው አገር ለፈረስ ጦር የማይመች ነበር። የፈረሰኛው ድርሻ ጐልቶ የታየው ከሰዓት በኋላ ነው፤ የኢጣሊያ ጦር ተፈትቶ ሲሸሽ የኦሮሞ ፈረሰኞች እየተከተሉ ሽሽቱን ወደ ጥፋት ለወጡት። ከዚህ ውጭ ፈረስና በቅሎ ሰውንና ስንቅን ከየአገሩ አድርሰዋል፤ የጎጃምም ጦር ከንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ጋራ ያን ሁሉ መንገድ ሄዷል። ለውጊያው ሰዓታት ብቻ የተሠራ ደንብ የመንገዱን ወራት አያይም። በእንጅባራው በዓል የፈረሱ ስፍራ ከውጊያው መጠን በላይ የገዘፈ ቢመስል፣ መታየት ያለበት ከውጊያው ሳይሆን ከዘመቻው አንጻር ነው። ጀግናውስ ቢሆን በፈረሱ ስም ይጠራ የለምን? ምኒልክ አባ ዳኘው፣ ራስ መኰንን አባ ቃኘው፣ ራስ አሉላ አባ ነጋ፣ ባልቻ አባ ነፍሶ የተባሉት በዚሁ ልማድ ነው። ከፈረሱ ተለይቶ የሚታሰብ ጦረኛ በዚያ ዘመን አነጋገር ውስጥ አልነበረም።

የእርሳስ ወታደር ግን ሣር አይበላም። የጠረጴዛው ተጫዋች ለአሥር ዓመት ምስሎቹን በሣጥን ቢዘጋባቸው በአሥራ አንደኛው ዓመት አውጥቶ ይጫወታል፤ ፈረሰኛ ግን አንድ ክረምት ፈረሱን መቀለብ ካልቻለ ጨዋታው አበቃ። የአገው ምድር መሬት አጠቃቀም ባለፉት ሠላሳ ዓመታት ብዙ ተለውጧል። በተለይ በፋግታ ለኮማ ወረዳና በአካባቢው ገበሬው ማሳውንና ግጦሹን ዲከረንስ በሚባለው የአካስያ ዛፍ ሸፍኖት ነበር፤ ዛፉ ለከሰል ይሸጣል፤ ገበሬውም ከዚህ ጥሩ ገንዘብ አግኝቶበታል፤ የተራቆተው መሬትም አገግሞበታል። ለፈረስ የቀረለት ግን የመንገድ ዳርና የወል ግጦሽ ትራፊ ነው። በከተሞቹ ደግሞ ባጃጅና ሞተር ብስክሌት የፈረስን የመጓጓዣ ሥራ እየወሰዱ ናቸው። ሰው ለሥራ ያላስፈለገውን ፈረስ ለአንድ ቀን በዓል ብሎ ዓመቱን ሙሉ አይቀልብም።

በዚህ ረገድ ማኅበሩ የሚሠራው ሥራ ከበዓሉ ይሰፋል። አባላቱ በሐዘንና በደስታ ይረዳዳሉ፤ የተጣላ ያስታርቃሉ። የማኅበሩ አባል የሆነ ሰው ፈረስ እንዲኖረው ይጠበቃልና፣ ኑሮው ባያስገድደው እንኳ አባልነቱ ፈረስ እንዲይዝ ያደርገዋል። ሰጋር ፈረስ ዋጋ የሚያወጣው የሚያስተያይበት ሜዳ ስላለ ነው፤ ኮርቻ ሠሪው፣ ግላስ ሰፊው፣ ፈረስ ገሪው ሥራ የሚያገኙትም ከዚሁ የተነሣ ነው። የአውሮጳው ጨዋታ ምስል የሚያቀልጡና ቀለም የሚሸጡ ሱቆችን እንዳቆመ፣ ይህም በራሱ መጠን የእጅ ሙያዎችን ይዞ ይኖራል።

ትንንሽ ምስል ለአገው ምድር ፈጽሞ እንግዳ ነው ማለትም አይቻልም። በመስክ ከብት የሚጠብቁ ልጆች እንደ ብዙው የኢትዮጵያ ገጠር ልጆች ከምንጭ ዳር ጭቃ አንሥተው በሬና ፈረስ ያበጃሉ። ለፈረሱ ከሣር ዛብ ያደርጉለታል፤ ከላዩም ሰው ያስቀምጡበታል። ሁለት ሆነው ፊት ለፊት አቁመው ያጋጥሟቸዋል። ደንብ የተጻፈለት ጨዋታ አይደለም፤ ዳኛውም ከመካከላቸው በዕድሜ ከፍ ያለው ነው። ምስሎቹ እስከ ማታ ፀሐይ ላይ ይደርቃሉ፤ ከብቱ ወደ ቤት ሲነዳ ብዙዎቹ እዚያው ምንጩ ዳር ይቀራሉ።